ራሱን የሚፈታ ዳዶ

ተጨማሪ የምስክርነት ቃል
ኦክቶበር 9 ቀን 2023 የተሰጠውን ቃል የሚያርም

የምስክሯ ስም፦ ግሌኒስ ታድሎው
ዕድሜ፦ 62
ሥራ፦ በያጅ
አድራሻ፦ ሽሮፕሸር፣ ክላንበሪ መንደር፣ ከድሮው ወፍጮ ቤት በታች፣ የቤት ቁጥር 3
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኖቬምበር 14 ቀን 2023፣ ከጠዋቱ 4፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሳጅን ኢያን ማዶክስ

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተገለጸው እኔ ግሌኒስ ታድሎው ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው መጥቼ ነው። የምናገረው ነገር በራሴም ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችልና ጠበቃ ማቆም መብቴ እንደሆነ መርማሪው አስረድቶኛል። ጠበቃ አልፈልግም ብያለሁ። ያልኩትን እንዳለ እንጂ አሳምሮ እንዳይጽፍብኝም ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን ሁለት ቦታ ላይ አሰርዤዋለሁ።

በኦክቶበር 9 በዚሁ ጣቢያ በሰጠሁት ቃል፣ ዶክተር ሂዩ ፕሮሰር የመኪናውን የጎማ ዳዶ ራሱ በመዶሻ እንደመታና ምናልባትም በደንብ ሳያጠብቀው ቀርቶ ሊሆን እንደሚችል ተናግሬ ነበር። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑንም ስናገረው አውቅ ነበር። ዶክተር ፕሮሰር በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሶ በኖቬምበር 27 ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ሰውየው ምንም ጥፋት የለበትም።

እኔና የ70 ዓመቱ ባለቤቴ ኖርማን ታድሎው በክላንበሪ መውጫ ላይ ባለው የክላይቭ ሄይዉድ ጋራዥ ለሃያ ሁለት ዓመት ሠርተናል። ሥራችን ያረጁ የእንግሊዝ የስፖርት መኪኖችን ማደስ ነው። ማደስ ስል እንደነበሩ መመለስ ማለቴ አይደለም። የድሮውን ሞተር አውጥተን ከአዲስ የጃፓን መኪና የወጣ ሞተር እንገጥምላቸዋለን፤ ካምቢዮውን፣ ፍሬኑን፣ የመብራት ሽቦውን ሁሉ እንቀይራለን። ከውጭ ሲታዩ ግን የስድሳ ዓመት መኪኖች ናቸው። ደንበኛውም ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ነው፤ ኮፈኑ እስካልተከፈተ ድረስ ጎረቤት ምንም እንዳይጠረጥር። ክላይቭ ለመጣው ሰው ሁሉ «አያትህን የወጣት ልብ ገጠምንላት፣ ቀሚሷን ግን አልነካንም» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቀልድ ሰምቻለሁ። ሞተርና የጎማውን ክፍል የሚገጥመው ኖርማን ነው። ሻንሲና ላሜራ የምበይደው፣ ስልክም የማነሳው እኔ ነኝ። ክላይቭ ያወራል።

ስለ ጎማው ማስረዳት አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። የእነዚህ መኪኖች ጎማ እንደ ዛሬዎቹ በአራትና በአምስት ብሎን አይታሰርም። የሽቦ ቸርኬው ሞዞ በምንለው ጥርሳም ብረት ላይ ይሰካና መሃል ለመሃል ባለ ሁለት ጆሮ አንድ ትልቅ ዳዶ ይታሰርበታል። ዳዶው የሚጠብቀው ጆሮውን በመዳብ መዶሻ በመምታት ነው። የቀኙ ጎን ዳዶ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የግራው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይጠብቃል። እንዲህ የተደረገው መኪናው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ዳዶው ራሱን እያጠበቀ እንዲሄድ ነው። የቀኙ ሞዞ ግራ፣ የግራው ሞዞ ቀኝ ከተገጠመ ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ መኪናው በሄደ ቁጥር ዳዶው ራሱን ይፈታል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም። ዳዶው ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ያምራል።

ኖርማን መርሳት የጀመረው አምና በገና ሰሞን ነው። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ መሣሪያውን ያስቀመጠበትን ቦታ። በማርች ወር ሉድሎ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወስጄው የበሽታው ስም ተነገረን። ሐኪሟ ስታስረዳን ኖርማን የጠረጴዛዋን የላላ እግር በጫማው እየገፋ ይፈትሽ ነበር። ከወጣን በኋላ «ለክላይቭ እንዳትነግሪው» አለኝ። «ቤት ካስቀመጥሽኝ ሦስት ወር አልቆይም። ጭንቅላቴ ነው እንጂ እጄ አልረሳም» አለኝ። የእጁ ነገር እውነት ነበር። የጎረቤታችን ስም የጠፋበት ሰውዬ ሞተር በድምፁ ብቻ እየሰማ ያስተካክል ነበር። ስለዚህ ለክላይቭ አልነገርኩም። ለልጃችንም አልነገርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኖርማን የሠራውን ሁሉ ከኋላው እየተከተልኩ እፈትሽ ነበር። ከሥራ ስንወጣ መነጽሬን ረሳሁ ብዬ እመለስና ብሎኑን አንድ በአንድ እነካካለሁ። በስድስት ወር ውስጥ ያገኘሁበት ሦስት ነገር ነው፤ አንድ ያልጠበቀ የዘይት ክዳን፣ አንድ የተረሳ ሮንዴላ፣ አንድ ያልታሰረ የቤንዚን ቱቦ። ሦስቱንም አስተካክዬ ዝም አልኩ። በጋራዡ ወረቀት ላይ ኖርማን «ሠሪ» በሚለው፣ ክላይቭ ደግሞ «አረጋጋጭ» በሚለው ቦታ ይፈርማሉ። ክላይቭ የኖርማንን ሥራ ጎንበስ ብሎ ሳያይ ነበር የሚፈርመው። የኖርማን ሥራ ይፈተሻል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚህ አካባቢ አልነበረም።

ዶክተር ሂዩ ፕሮሰር የ66 ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ሐኪም ነው። በዚህ ወረዳ እጁ ያልገባባት ላም የለችም። በ1965 የተሠራች አረንጓዴ መኪናውን ይዞ የመጣው ዘንድሮ በፌብሩዋሪ ነው። ከተማሪነቱ ጀምሮ የያዛት መኪና ናት፤ ጭስ በጭስ ሆና ዳገት አልወጣም ብላው ነበር። አዲስ ሞተር እንዲገባላት፣ የሽቦ ቸርኬዎቿ ግን እንዳይቀየሩ አጥብቆ ጠየቀ። አዲሱ ሞተር የድሮውን ሁለት እጥፍ ጉልበት ስላለው የኋላውን ዲፈረንሻል በጠንካራ ቀየርነው፤ ለሽቦ ቸርኬዎቹም በልክ የተቀረጹ አዳዲስ ሞዞዎች አሠራን። የድሮዎቹ ዳዶዎች ፊታቸው ላይ «ቀኝ» ወይም «ግራ» የሚል ጽሑፍና የመፍቻ ቀስት ነበራቸው። ዶክተሩ ግን ልሙጥና የሚያብረቀርቀውን መረጠ፤ ብዙዎቹ ደንበኞቻችን እንደዚያ ነው የሚወዱት። አዳዲሶቹ ሞዞዎች ላይ ያለው ምልክት ከጀርባቸው የተመታ አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ከተገጠሙ በኋላ አይታይም። ኖርማን ደግሞ በሕይወቱ ሙሉ ምልክት አንብቦ ሞዞ ገጥሞ አያውቅም። ጥርሱን በጣቱ ዳስሶ ነው የሚለየው።

በሴፕቴምበር 12 ማክሰኞ ጥርሴን አሞኝ ሉድሎ ሄጄ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ስመለስ ኖርማን የኋላዎቹን ሞዞዎች ገጥሞ፣ አራቱንም ጎማ አስሮ፣ መኪናዋን ከክሪክ አውርዷት አገኘሁት። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሻይ በብስኩት ይጠጣል። እንደዚያ ፊቱ በርቶ ካየሁት ቆይቷል። «አየሽ? ብቻዬን!» አለኝ። እኔም ጎበዝ አልኩት። 11 ሰዓት ላይ ልንወጣ ስንል እንደ ልማዴ መነጽሬን ረሳሁ ማለት ስጀምር «መነጽርሽ ራስሽ ላይ ነው» ብሎ አቋረጠኝ። ቀጥሎም «ግሌን፣ ከኋላዬ ስትፈትሺ ስድስት ወር ሙሉ አይቼሻለሁ። ዝም ያልኩሽ ልክ ስለሆንሽ ነው። ይቺን አንዷን ግን ተዪልኝ» አለኝ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ሲለምን ሰምቼው አላውቅም። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ጎማ አውልቆ የሞዞውን ጀርባ ማየት ሃያ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስለ ርክክቡ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። በጋራዡ አንድ ልማድ አለ፤ መኪና ሲያልቅ የመጨረሻውን ምት የሚመታው ባለቤቱ ነው። የመዳብ መዶሻው ይሰጠዋል፣ አራቱንም ዳዶ ይመታል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ክላይቭ ኬክ ይቆርሳል። በሴፕቴምበር 15 ዓርብ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ዶክተር ፕሮሰር ክራባት አስሮ መጣ፤ ለመኪናዋ ብሎ ነው ያሰረው። የመጀመሪያው ምቱ ፈራ ተባ ያለ ነበር። ኖርማን «ዶክተር፣ ላም እያዋለዱ እኮ አይደለም፣ ይምቱት እንጂ!» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ዶክተሩም «ላም ብትሆን እስካሁን ረግጣኝ ነበር» አለና ከትከሻው አንስቶ መታ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ አራቱንም ኖርማን በጠቆመለት ጎን ደህና አድርጎ ነው የመታው፤ የምቱን አቅጣጫ ግን ልብ አላልኩም። መዶሻውን ይዞት ሄደ። ኖርማን በየሁለት ቀኑ ያቅምሱት ብሎት ነበር፤ እሱም እንደተባለው አድርጓል።

በኦክቶበር 5 ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ የጋራዡ ስልክ ጮኸና አነሳሁት። ዶክተር ፕሮሰር ነበር። በመጀመሪያው ቃሌ ስለዚህ ስልክ አልተናገርኩም፤ የደበቅሁት አውቄ ነው። ንግግሩን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እሱን ስሰማ ነው የምውለው። «ግሌኒስ፣ የሞኝ ጥያቄ ልጠይቅሽ» አለኝ። «የኋላዎቹ ዳዶዎች በመታኋቸው ቁጥር ትንሽ ይዞራሉ። የፊቶቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። ክንዴ ደክሞ ነው ወይስ እንዲህ ነው የሚሆነው?»

በትክክል የተገጠመ ዳዶ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ ቢመቱት አይዞርም። በየጊዜው የሚዞር ከሆነ በየጊዜው እየተፈታ ነው። ሁለቱም የኋላዎቹ እንደዚያ ከሆኑ ሞዞዎቹ ተቀያይረዋል። ይህን የተረዳሁት ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ነው። ጎማዎቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይወልቁ የቆዩት እሱ በየሁለት ቀኑ እየወጣ ስለመታቸው ብቻ ነበር።  ከዚያም በደህና ድምፅ «አዲስ ስለሆነ ነው ዶክተር፣ እየለመደ ነው፤ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ሰኞ በዚያ በኩል ሳልፍ ጎራ ብዬ አየዋለሁ» አልኩት። እሱም «ተባረኪ። ለኖርማን ሰላም በይልኝ፤ ድንቅ ሥራ ነው የሠራልኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ለምን እስከ ሰኞ እንዳቆየሁት ተጠይቄያለሁ። ሞዞ መንቀያው መሣሪያ ያለው ክላይቭ ቢሮ ውስጥ ነው። ዓርብ ክላይቭ ጋራዡ ውስጥ ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ ኖርማንን ብቻውን ትቼው መውጣት አልችልም። ሰኞ ግን ክላይቭ ዕቃ ሊገዛ በርሚንግሃም ይሄዳል፤ ኖርማንም ሥራ ከያዘ ለአንድ ሰዓት ብቻውን ቢቆይ አያሰጋውም። ብቻዬን ሄጄ ሞዞዎቹን ቀያይሬ፣ ለሁለቱም ሳልናገር ለመመለስ ነበር ያሰብኩት። እስከዚያ ድረስ እንዳይነዳ ለምን አላስጠነቀቅሁትም ተብዬም ተጠይቄያለሁ። እንዳይነዳ ብነግረው ለምን ይለኛል፤ ከዚያ ለክላይቭ ይደውላል፤ ክላይቭም በዚያው ቀን ኖርማንን ያሰናብተዋል። ይህን ፈርቼ ነው። «አይንዱት» ማለት አንድ ቃል ነው። እሷን አላልኩም። መርማሪው እዚህ ላይ ውሃ ሰጥቶኝ ጥቂት አርፌያለሁ።

በኦክቶበር 7 ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ዶክተር ፕሮሰር የሆፕን ቁልቁለት ሲወርድ የቀኝ የኋላ ጎማው ወልቆ መንገዱን ተሻገረ። ከታች በብስክሌት ዳገቱን ስትወጣ የነበረችውን ሮዊና ላይድልን መታት። ሮዊና 38 ዓመቷ ነበር፤ የመንደራችን አዋላጅ ነርስ ናት። የልጄን ሁለቱንም ልጆች የተቀበለችው እሷ ናት። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ቤት ሸሚዝ ስተኩስ ነበር። የአምቡላንሱ ነጂ ኋላ እንደነገረኝ ዶክተሩ ግንባሩ እየደማ ሮጦ ደርሶ፣ እነሱ እስኪመጡ ድረስ ደረቷን ሲጫን አገኙት። ሞታለች ሲሉትም አለቅም ብሎ በጉልበት ነው ያነሱት። ክላይቭ ደውሎ ሲነግረኝ ማን እንደሞተ ከመጠየቄ በፊት የትኛው ጎማ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ከዚህ ሁሉ የምጠላው ያን ጥያቄዬን ነው።

ለኖርማን የሮዊናን ሞት በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ነገርኩት። አራት ጊዜ አለቀሰ።

እሁድ ኦክቶበር 8 ክላይቭ ቤታችን መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሰውየው ራሱ ነው የመታው፤ ሁላችንም ቆመን አይተናል። እውነቱ ይሄ ነው፤ ከዚህ ሌላ አትቀባጥሪ» አለኝ። ክላይቭ ስለ ሞዞውም፣ ስለ ኖርማን ሕመምም፣ ስለ ስልኩም አያውቅም። እሱ ያመነውን ነው የተናገረው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። መኪናዋን የመረመረው ባለሙያም ዳዶው ጥርሱ ሳይበላሽ አጥር ሥር ስለተገኘ በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቷል ብሎ ጻፈ። አልፈርድበትም፤ እነዚህን መኪኖች የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። መኪናዋ አሁንም በዚህ ጣቢያ ግቢ ሸራ ለብሳ ቆማለች። በግራ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ አውልቃችሁ የሞዞውን ጀርባ እዩ፤ ቀኝ መሆን የነበረበትን ታገኛላችሁ። ያ ዳዶም መላላቱ አይቀርም።

ቀብሩ በኦክቶበር 20 ነበር። ዶክተር ፕሮሰር ወደ ቤተክርስቲያኑ ለመግባት አልደፈረም፤ ከአጥሩ ውጭ ዝናብ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። ከዚያ በኋላ መጠጥ ቤቱ ውስጥ አንዱ «ላም ያድናል፣ ሰው ይገድላል» ሲል ሌሎቹ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ሠላሳ ዓመት በእኩለ ሌሊት እየጠሩ በጎቻቸውን ያስዋለዱት ሰዎች ናቸው የሳቁት። እኔም ግማሽ ቢራዬን ይዤ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ሮዊናን ስንቀብር ደግሞ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ዘምሬያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ኖቬምበር 11 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዶክተር ፕሮሰር በራችንን አንኳኳ። መንዳት ትቶ በእግሩ ነው የመጣው። ልብሱ ሰፍቶታል። ሻይ ቀዳሁለት፣ አልነካውም። የመጣው ኖርማንን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው።

«ኖርማን፣ ሥራህን አበላሸሁብህ» አለው። «ያን የመሰለ ሥራ ሠርተህ ሰጠኸኝ፤ እኔ አንድ ዳዶ አጥብቆ መምታት አቅቶኝ ሰው ገደልኩ። ፍርድ ቤት ቀርቤ ጥፋተኛ ነኝ ልል ነው። ከዚያ በፊት ዓይንህን እያየሁ ልንገርህ ብዬ ነው።»

ኖርማን ሰውየውን አላወቀውም። መኪናዋንም አላስታወሳትም። እንግዳ ስለሆነ በጨዋነት ነበር የሚያዳምጠው። ዳዶ የሚለውን ሲሰማ ግን ቀና አለ።

«ቆይ ቆይ። በየስንት ጊዜው ነበር የሚመቱት?»

«በየሁለት ቀኑ። ኋላ ኋላማ በየቀኑ።»

«ሲመቱት ይዞራል?»

«በመታሁት ቁጥር ይዞር ነበር።»

«የፊቶቹስ?»

«እነሱማ ንቅንቅ አይሉም።»

ኖርማን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ዓይኑ የድሮው የኖርማን ዓይን ነበር። «ታዲያ እርስዎ ምን አጠፉ? እርስዎማ ሲያድኗት ነው የከረሙት! ሞዞው ተቀያይሯል። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ተገጥሟል። የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ የሚሠራ? ማነው መኪናዎን የሠራው?» ብሎ ጮኸ።

ዶክተር ፕሮሰር ኖርማንን አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው። ከዚያ «አላስታውሰውም፤ ማን እንደሠራት ጠፋኝ» አለና ተነሳ። በሩ ድረስ ሸኘሁት። እዚያ ቆሞ «ግሌኒስ፣ እንዳለ ይሁን። እሱ አይችለውም፤ እኔ እችለዋለሁ» አለኝ። በስልክ ያልኩትን አስታውሷል፤ ከፊቱ አይቻለሁ። ስለሱ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። እንደዚያ ብሎኝ እጄን ጨብጦ ሄደ።

ያን ቀን እንዳለ ይሁን ብዬ ነበር። ይህንንም ይጻፍልኝ። ሰውየው ራሱ ፈቅዷል፣ እስር ቤትም ላይገባ ይችላል፣ ኖርማን ደግሞ የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው እያልኩ እሁድ ማታ ድረስ ራሴን ሳሳምን ነበር።

ኖርማን ብዙ ነገር ይረሳል። ይህን ግን አልረሳም። እሁድ ጠዋት እንቁላሉን እየበላ «ያን ሰውዬ አገኛችሁት?» አለኝ። የትኛውን ስለው «ሞዞ ቀያይሮ የገጠመውን ነዋ። ሰው ገድሎ ዝም ብሎ ቁጭ ብሏል እኮ! እንዲህ ያለውን ከጋራዥ ማባረር ነው» አለኝ። ሰኞም በዚያው ሰዓት ጠየቀኝ። አላገኘነውም አልኩት። «ሚስት የለችውም? ልጅ የለውም? የሚያውቅበት ሰው እንዴት ይጠፋል?» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሲጠይቀኝ «እኔ ነኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «አንቺማ በያጅ ነሽ፤ ሞዞ ገጥመሽ አታውቂም። ክላይቭ ደግሞ መፍቻ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። እዚያ ጋራዥ ሌላ ማን አለ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ማንኪያውን አስቀመጠ። እጆቹን ገለባብጦ አያቸው። አይደለህም ልለው እችል ነበር፣ አላልኩትም። ከዚያ «ጫማዬን አምጪልኝ» አለኝ። የት ልትሄድ ነው ስለው «አንቺ የምትሄጂበት» አለኝ።

አሁን ኖርማን ኮቱን እንደለበሰ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከገባሁ ሁለት ሰዓት አልፎኛል፤ ለምን እንደመጣ ረስቶት ሊሆን ይችላል። ረስቶት ከሆነ ማንም እንዳይነግረው ልለምን አስቤ ነበር፤ አልለምንም። ስወጣ ለምን መጣን ብሎ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ያልኩት ሁሉ በትክክል መጻፉን አረጋግጫለሁ። የጨመርኩት የለም፤ ዛሬ ያስቀረሁትም የለም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኛል፤ እውነት ሆኖ ሲገኝም እንደምጠየቅ አውቄ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ግሌኒስ ታድሎው
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሳጅን ኢያን ማዶክስ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 6፡35